አያ መርሻና ስድስተኛዋ ጳጉሜን

አያ መርሻ መሞቱን ያረዱኝ ስልኮቹ ናቸው።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ የጎንደር አራዳ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ያችን መንገድ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሸሻት ነው የኖርኩት፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የባጃጁ ሹፌር በላይ በኩል መንገድ ተዘጋ ብሎ በዚያው ይዞኝ መጣ። ከኮንቴነር ሱቆቹ አንዱ፣ የአያ መርሻ ስልክ መጠገኛ፣ ዝግ ነው። ከዝጉ ውስጥ ግን ስልክ ይጮሃል። አንድ ስልክ ቢሆን ደግ፤ አራት አምስት ስልክ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ዜማ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ሰዓቴን ሳየው ልክ አንድ ሰዓት ሆኗል። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ።

«ሦስተኛ ቀናቸው ነው» አለችኝ ከጎኑ የስልክ መሸፈኛ የምትሸጠው ልጅ። «በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እንዲህ ይንጫጫሉ። ቁልፉ ወንድሙ ጋ ነው። እንግዲህ ባትሪያቸው እስኪያልቅ ነው።»

«አያ መርሻስ?»

«ውይ! አልሰማሽም እንዴ? ቅዳሜ ቀበርነው እኮ። ሳንባው ነው አሉ።» ዝቅ ብላ ፊቴን አየችው። «ቆይ፣ አንቺ የስልክ ጌሟን የሠራሽው ልጅ አይደለሽ? ሰብለ?»

ነኝ አልኳት። ከሣጥኗ ሥር አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ሆስፒታል ሊገባ ሲል እሷ ጋ ያስቀመጠው ነው። «አንድ ቀን በዚህ ታልፋለች፤ ስታልፍ ስጫት» ብሏት ነበር። እኔ የምሸሸውን መንገድ እሱ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ጽሕፈቱ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ።

«ለሰብለ። ዘንድሮ እኔ የምችል አይመስለኝም። ትክል ድንጋይ፣ እትዬ የሺ ቤት፣ ከወፍጮው ጀርባ። ከጳጉሜን አምስት በፊት። ይኸው ነው።»

በሕይወቱ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሁልጊዜ «አንቺ ልጅ» ነበርኩ። ስሜን ማወቁንም ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ጭቃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ስልኮቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ሰውየውን ላላወቀው ልንገር እንጂ። ቁመቱ ረዥም፣ ሰውነቱ የከሳ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡና ዓይነት ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። መነጽሩ አንድ እጀታ የለውም፤ በክር ነው ከጆሮው የሚያስረው። የአገር ስልክ ይጠግናል፣ የራሱን መነጽር አይጠግንም። ትውልዱ ዛሪማ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ጎንደር መጥቶ ባሕረ ሐሳብ ተማረ፤ ጾምና በዓል የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቁጥር ማለት ነው። ከዚያ ትምህርቱን አቋርጦ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ፣ ዘመን ሲለወጥ ስልክ። ለምን ተውከው ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «ቁጥሩን ወደድሁት፤ ጥምጥሙ ግን ጆሮዬን ይበላኛል» አለኝ። ቁጥሩን አልተወውም። ሰው ሲያነጋግረው እንኳ አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ትመላለሳለች፤ ምን እንደሚቆጥር እሱ ያውቃል።

በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ግን አንቱ ብለው ይቆጣኛል። «ተይኝ እባክሽ! አንቱ ለመባል ገና አላደርሁም።»

ይህቺ ማደር የምትባል ነገር ዋና ሕጉ ነበረች። እሱ ጋ የተጠገነ ስልክ በዕለቱ አይወጣም። ጥገናው አምስት ደቂቃ ይፍጅ፣ ባለቤቱ ንጉሥ ይሁን፣ አይወጣም። አንድ ሌሊት ኮንቴነሩ ውስጥ ያድራል፣ ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ደወል ይሞላለታል፤ ከጮኸ ባለቤቱ ይወስደዋል፣ ካልጮኸ እንደገና ይከፈታል። ሰው ስንት ጊዜ ተሳድቦታል! አንድ ሙሽራ «ነገ እኮ ሠርጌ ነው!» እያለ ሲጮህበት ከጎን ነበርኩ። አያ መርሻ ቀና ብሎ አየውና «እንኳን ደስ አለህ! ሙሽራይቱስ ትመጣለች ወይስ ትደውላለች?» አለው።

«ትመጣለች እንጂ!»

«ሸጋ። እንግዲያ ስልኩ ይደር።»

ሙሽራው ራሱ ሳቀ። ሰው እየተሳደበም ቢሆን ወደ ሌላ ጠጋኝ አይሄድም ነበር፤ ከአያ መርሻ እጅ የወጣ ስልክ ተመልሶ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል።

እኔን ከሱ ጋር ያገናኘችን «ጎጆ» ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ፈት በተቀመጥኩበት ጊዜ ብቻዬን የሠራኋት የስልክ ጌም። ከደባርቅ በላይ ባለ አንድ ጋራ ላይ ጎጆ ትቀልሳለህ፣ ላም ታረባለህ፣ ገብስ ትዘራለህ። ቀኗ ከእውነተኛው ቀን ጋር ነው የምትሄደው፤ እዚህ ጾም ከገባ እዚያም ይገባል፣ እዚህ ሐምሌ ከሆነ እዚያም ይዘንባል። ሰው የወደዳት ግን በድምፁ ነው። ጎጆህ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ የእውነተኛ ሰው ድምፅ ትቀዳለታለህ፤ ጠዋት ስትከፍት በዚያ ድምፅ ያናግርሃል። እንግዳ ደግሞ ለዓመት በዓል ምኞቱን ቀድቶ ይተውልሃል፣ ቀኑ ሲደርስ ይሰማል። ሰው ሩቅ ያለ ዘመዱን በስልክ እያስወራ ይቀዳ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ በብሉቱዝ እየተላለፈች አገር አዳረሰች፤ እኔም ራሴን ሰማይ ሰቀልኩ።

በዚያው ዓመት፣ ዘመኑ ማርቆስ ነው፣ ከተማው ውስጥ የወጣቶች የጌም ውድድር ተዘጋጀ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ የኮምፒውተር መምህር፣ ሽልማቱን ከሰጠው ድርጅት የመጣች ሴት፣ አያ መርሻ። እሱን ለምን እንደመረጡት አላውቅም፤ የከተማው ስልክ ሁሉ በእጁ ስላለፈ ይሆናል። ጌሞቹን አንድ ወር ሙሉ እየተጫወቱ እንዲመዝኑ ተሰጣቸው። እኔ ዋንጫውን የማስቀምጥበትን ቦታ ቤቴ ውስጥ መርጬ ጨርሻለሁ።

የፍርዱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ተራው «ጎጆ» ላይ ሲደርስ አያ መርሻ ድምፅ ማጉያውን ወሰደና እኔን በጣቱ ጠቆመኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጳጉሜን ስንት ናት?»

«አምስት» አልኩት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

«በአራት ዓመት አንዴስ?»

ያኔ ገባኝ። አሥራ ሁለቱን ወር በሠላሳ ሠላሳ፣ ጳጉሜንን በአምስት ብዬ ቆልፌ ጽፌያታለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አያቴ ደብተራ፣ እኔ ስድስተኛዋን ረሳኋት። ፈረንጅ ቢሠራው ይቅር የሚባል ነገር ነው።

አያ መርሻ ለሕዝቡ ረጋ ብሎ አስረዳ። «ባርኩ ብዬ በአራቱ ወንጌላውያን ላሳልፋት ጀመርሁ። የስልኩን ቀን አንድ በአንድ እየገፋሁ። ማርቆስን በደህና አለፈች። ሉቃስ መጨረሻ ላይ ጳጉሜን ስድስት ስትገባ፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም አለች፣ ቤቱ ተበላሽቷል ብላ ሁሉን ደመሰሰችው። ላሙንም፣ ሰዉንም፣ ድምፁንም። ባዶ ሜዳና አንድ ዛፍ ሰጠችኝ። 'እንኳን ደህና መጡ፣ ጎጆዎን ይቀልሱ' ትለኛለች ደግሞ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔን አሳረረኝ። «በአራት ዓመት አንድ ቀን ናት እኮ አያ!» ብዬ ጮህኩ። «ቀኗም የዛሬ ዓመት ከምናምን ነው! እስከዚያ አስተካክላታለሁ!»

መምህሩ ደገፈኝ። ያለው ነገር ዛሬም ባዶ ነው አልልም። «በዓለም ላይ ትልልቅ የተባሉት ጌሞች እንኳ ከነስህተታቸው ይወጣሉ፤ ሰው እየተጫወተ ይታረማሉ፤ ታላላቅ ሽልማትም ይወስዳሉ። ሽልማት የሚሰጠው ለሐሳቡ ነው፣ ለውበቱ ነው። እንከን ከፈለጋችሁ እንከን የሌለበት ግን ማንም የማይጫወተው ጌም እዚህ ስንት አለ! እሱን ልንሸልም ነው?» አዳራሹ አጨበጨበ። እውነቱን ነው፤ ሌሎቹ ጌሞች እንቅልፍ የሚያመጡ ነበሩ።

አያ መርሻ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። «ውበቷን መች ካድሁ? ከናንተ ሁሉ የበለጠ የተጫወትኋት እኔ ነኝ። ሸጋ ናት። ግን አላደረችም። እናንተ አንደኛ ስትሏት ሰው ምን ይሰማል መሰላችሁ? 'እመኗት፣ የወደዳችሁትን ስጧት' ማለታችሁ ነው። አንድ ሰው አምኖ ይሰጣታል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ይህች ልጅ አታውቀውም፣ እናንተም አታውቁትም። ሁለተኛ ስጧት፣ ሦስተኛ ስጧት። አንደኛውን ግን ታርማ ትምጣና ትውሰድ። ያኔ ማንም ባያጨበጭብ እኔ ብቻዬን አጨበጭባለሁ።»

ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። ዋንጫውን ስቀበል ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሱ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። አየሁት። ሌላውን ሁሉ አላየሁም፣ እነዚያን ሁለት እጆች ብቻ ነው ያየሁት። ስወጣ በር ላይ ጠብቆ ቀኗን ያሰላባትን ወረቀት እጄ ውስጥ ከተታት። ቤቴ ገብቼ ጨምድጄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት።

አስተካክላታለሁ ብዬ በሕዝብ ፊት ቃል ገብቻለሁ አይደል? አላስተካከልኳትም። ሥራ አገኘሁ፣ ቤት ቀየርኩ፣ ነገ ዛሬ አልኩ። ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። ልቤ የሚያውቀውን ልናገር፦ ባስተካክላት እሱ ልክ ነበር ማለት ይሆንብኝ ነበር። ይህን ያህል ክፉ ነኝ ብዬ አላስብም ነበር፤ ነበርኩ።

ዘመኑ ሉቃስ ሆነ፣ ክረምቱም ገባ። በዚያ ክረምት በአካባቢያችን ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው። ጳጉሜን ሁለት ቀን በአራዳ ሳልፍ የአያ መርሻ ኮንቴነር በር ላይ ሰው ተሰልፏል። በካርቶን ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጎጆ ያላችሁ፣ ከጳጉሜን ስድስት በፊት ስልካችሁን አምጡ። በነጻ ነው።» እሱ ተቀምጦ እያንዳንዱን ስልክ እየተቀበለ ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሳል። እኔ ማዶ ቆሜያለሁ። ማድረግ ያለብኝ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ያን ምሽት ተቀምጬ አስተካከልኳት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። አንድ ሰዓት! ግን በምን ልልከው? መስመር የለም። እሱ ያልደረሰላቸው ሰዎች ሁሉ በስድስተኛዋ ቀን ባዶ ሜዳና አንድ ዛፍ ጠበቃቸው። መስመሩ ሲመለስ የደረሰኝን መልእክት አላነበብኩትም። አንዱን ብቻ ከፍቼ ነበር፣ «የወንድሜን ድምፅ መልሺልኝ» ይላል። ማረሚያውን መላክም አስጠላኝ። ጌሟን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋኋትና እንዳልነበረች ቆጠርኳት።

ጥቅምት ላይ አያ መርሻ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ መነጽሩን አስሮ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማረሚያዋን ስጭኝ» አለኝ። «ትክል ድንጋይ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው አስካለ እዚህ ስትማር ጎጆን ስልካቸው ላይ ጭና ድምጿን ቀድታላቸው ነበር። በዚያው ዓመት በወባ ሞተች። ስልኩ ቢሰበርባቸው እኔ ዘንድ አመጡት፤ 'መስታወቱ ቢቀር ይቅር፣ ድምጿ ብቻ እንዳይጠፋ' አሉኝ። ጎጆን ያወቅኋት በሳቸው ነው። ድምፁን ከውስጧ ላወጣ ብል እንቢ አለች፤ ቆልፈሻታል።»

እውነት ነው፣ ሌላ በምንም እንዳይከፈት አድርጌ የቆለፍኩት እኔው ነኝ።

«ታዲያ ድምፁ ጠፋ?»

«አልጠፋም። ጳጉሜን አምስት ሄጄ ዓመቱን ወደ ኋላ መለስሁት። ወደፊት ባዘልላት የዘለለችውን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥራ ነው የምታልፍ፤ ያችን ቀን ታገኛታለች። ወደ ኋላ ስትያት ግን እሺ ትላለች፣ ዓመቱን እንደገና ትኖረዋለች። አንድ ዓመት አገኘሁላቸው። ለዓመት ደግሞ ሌላ።»

ማለትም በዚያች ጎጆ ውስጥ ዘመኑ ሁሌም ሉቃስ ሊሆን ነው። ልጅቱም በየዓመቱ ያንኑ ዓመት ልትደግም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ውርር ሲያደርገኝ ደግሞ ጠባዬ መቆጣት ነው።

«አሁን ማን የሚጫወታት አለ አያ? ማረሚያዋን ያስቀመጥኩባት ፍላሽ የት እንደገባች እንኳ አላውቅም። ይህን ሁሉ ፍለጋ ለአንድ ሰው?»

ለአንድ ሰው። አፌ ይቆረጥ። ይህችን ቃል ስንት ጠዋት ሰምቻታለሁ መሰላችሁ፣ በራሴ ድምፅ፣ ልክ እንደተቀዳች።

ጣቶቹ ላይ ስትመላለስ የነበረችው የአያ መርሻ አውራ ጣት ቆመች።

«አንድ ሰው ስንት ነው፣ አንቺ ልጅ?»

መልሴን ጥቂት ጠበቀ። «ሸጋ። ይደር» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየሁትም። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ አሁን እዚያ ነው፣ አሁን ተሳፍሯል፣ አሁን ስልኩን ይዟል እያልኩ እቆጥር ነበር። እንዳልሰማ ሆኜ ስቆጥር ሁለት ጳጉሜን አለፈ።

ወረቀቱን የተቀበልኩ ዕለት ቤቱን ገልብጬ ፍላሿን ፈለግኋት። ከዋንጫው ውስጥ ነው ያገኘኋት። ሌላ ቦታ እንደሌለ ሁሉ እዚያ ከትቻታለሁ። ማረሚያዋን በራሴ ስልክ ላይ ጫንኩና በአራቱ ወንጌላውያን አሳለፍኳት፣ ቀን በቀን፣ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ። ከዚያ ዳግመኛ አሳለፍኳት።

ትክል ድንጋይ የደረስኩት ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ቀን ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሕፃናቱ የሩፋኤል ጠበል ነው እያሉ ራቁታቸውን ዝናብ ውስጥ ይጨፍራሉ። ከወፍጮው ጀርባ ያለችውን ቤት አላጣኋትም። እትዬ የሺ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። በር ላይ ሲያዩኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ተመለከቱ።

«መርሻ የላከሽ ነሽ? ምነው ራሱ ቀረ ዘንድሮ?»

ነገርኳቸው። መቀነታቸውን ያዙና «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ወንድሜን!» እያሉ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ። ሲበርድላቸው እሳቱ ዳር አስቀመጡኝ።

«አንቺስ ማን ነሽ ልጄ?»

«ሰብለ እባላለሁ። ጎጆን የሠራኋት እኔ ነኝ።»

እርግማን ስጠብቅ ብድግ ብለው አቅፈው ሳሙኝ። «አንቺ ነሽ! በየዓመቱ ይነግረኝ የለም እንዴ! 'ልጅቱ ገና እያበጀቻት ነው፤ ጠንቃቃ ናት፣ ያላደረ ነገር ከእጇ አይወጣም፤ ስትጨርስ ራሷ ትመጣለች' ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይኸው መጣሽ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንደኛ አትሆንም ያለኝ ሰው፣ ማንም በማያይበት ቤት በየዓመቱ አንደኛ ሲያደርገኝ ኖሯል። ዋሽቶልኛል። ያ ቁጥር የማይሳሳት ሰው ለእኔ ብሎ ዋሽቷል።

«ውሸቱን ነው እትዬ» አልኳቸው። «አላበጀኋትም ነበር። ትቻት ነበር። እርስዎን አንድ ሰው ናቸው ብዬ ትቼዎት ነበር።»

እትዬ የሺ እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ። «እንግዲህ መጥተሻል» አሉ በመጨረሻ፣ ስልኩንም ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ይሞቃል።

ማረሚያዋን ጫንኩ። እትዬ ሊከፍቱት እጃቸውን ሲዘረጉ «ይደር» አልኳቸው። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ሁለታችንም ደነገጥን። ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ደወል ሞላሁለት።

ጠዋት ጮኸ። እትዬ የሺ ጎኔ ተቀመጡ፣ አንድ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። ከፈትኩት። በጎጆዋ ውስጥ ጠዋት ነው፣ ሉቃስ ዘመን፣ ጳጉሜን አራት። አስካለ በር ላይ ቆማለች። «እማ፣ ጋቢሽን ደርቢ፣ ብርድ ነው» አለች። የልጅ ድምፅ፣ ሳቅ ያለበት። ቀኑን ገፋሁት። ጳጉሜን አምስት። «እማ፣ ጋቢሽን ደርቢ፣ ብርድ ነው።» ከዚህ ወዲያ ያለውን ቀን ይህ ስልክ አይቶት አያውቅም። አያ መርሻ በየዓመቱ እዚህ ድረስ መጥቶ የተመለሰው ከዚች ቀን ደጅ ነው።

ገፋሁት።

መስታወቱ ጠቆረ። እትዬ የሺ ጉልበቴን ጨበጡት፣ ጥፍራቸው ተሰማኝ። እኔ ዛፉን ነው የምጠብቀው፣ ባዶውን ሜዳና አንዱን ዛፍ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ከዝናቡ ውስጥ ጎጆዋ፣ ላሟ። ከላይ «ጳጉሜን 6» ይላል። በሩ ተከፈተ።

«እማ፣ ጋቢሽን ደርቢ፣ ብርድ ነው።»

እትዬ የሺ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ደረቡ።

አንድ ቀን ገፋሁ። መስከረም አንድ፣ ዕንቁጣጣሽ። አስካለ ተናግራ ስታበቃ ከጎጆዋ ውጭ ሌላ ድምፅ ተነሣ። መጀመሪያ ዝናቡ መስሎኝ ነበር። ዝናብ አይደለም። በበሩ ላይ የእንግዳ ምልክት አለ፤ ለበዓሉ የተቀዳ ነገር ነው።

«አምና ሲመጣ ዓመቱን ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት የቀዳው ነው» አሉ እትዬ የሺ። «እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጦ። መርሻ ምን እየሆንህ ነው ብለው፣ 'የኔና የልጅቱ ነው፣ ስትደርስ ትሰማዋለች' አለኝ።»

ቃል የለበትም። ሁለት እጆች ናቸው። ያጨበጭባል። ብቻውን፣ ረጋ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ። መሀል ላይ አንዴ አሳለው፣ ከዚያ ቀጠለ።